ይድረስ ለብሩክታይት

አዲስ አበባ፣ አያት፤ ጥቅምት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮሃ ካሳዬ

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ስልሽ እንግዲህ በእኛ ልክ ነው። እናትሽ መናገር አትችልም፣ እኔ መስማት እያቃተኝ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ቤት ጠብ የሚባል ነገር ጠፍቷል።

ስልክ ለምን አታነሱም ብለሽ ተቆጥተሻል። ልጄ፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ ሲደቀን የሚሰማኝ የንብ ቀፎ ድምፅ ነው። እናትሽ ደግሞ ድምፅሽን ሰምታ መልስ መስጠት ሲያቅታት ታለቅሳለች፤ ሐኪሙ ከስትሮኩ በኋላ አታስለቅሷት ብሎናል። ደብዳቤ ይሻለናል። እኔ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ የወደደችው ቦታ ላይ ስደርስ በደህናው እጇ ጉልበቴን ትመታኛለች፣ እደግምላታለሁ። ከታች ያለችው የጎረቤታችን ልጅ ሀይሚ «ጋሼ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልላክልዎት፣ ሰከንድ አይፈጅም እኮ!» ትለኛለች። እሺ አላልኳትም። እናትሽ አንቺ የነካሽውን ወረቀት መዳሰስ ትፈልጋለች።

ስለ አጎትሽ ስለ ደጀኔ ያነሳሽውን አንብቤያለሁ። ይቅር ብያችኋለሁ ማለትሽ ደግነትሽ ነው፤ እኛ ግን ራሳችንን ይቅር አላልንም። ወጋችንን ታውቂዋለሽ። ሰው ሲሞት ሩቅ ላለ ዘመድ በስልክ አይነገርም። የሚቀርቡት ሰዎች ተሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኩተው፣ ግራና ቀኝ ይዘውት ነው መርዶው የሚነገረው። እኛ እዚያ ላንቺ የሚነግርልን ሰው ስናፈላልግ፣ አንዱ የአክስትሽ ልጅ የደጀኔን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። አንቺም በሥራ ቦታሽ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ እርጥብ አንሶላ እንደያዝሽ፣ ብቻሽን አነበብሽው። ከዚያም ሥራሽን እስከምትጨርሺ ሠራሽ። ይህን የነገርሻት ቀን እናትሽ ደረቷን ደቅታ «ሁለተኛ ልጄ መርዶ ብቻዋን አትሰማም!» ብላ ማለች። ያኔ ገና አንደበት ነበራት።

አሁን ደብዳቤሽን አንብቤ በጨረስኩ ቁጥር አንድ ጣቷን ታነሳና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። «ብቻዋን ናት?» ማለቷ ነው። ምን ብዬ እንደምመልስላት ጨንቆኛል።

የእንግሊዟ የኬንት ካርታ አሁንም ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ሚስ ዶሮቲንና የታሪክ ማኅበሯን ታስታውሺያቸዋለሽ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለጥምቀት እየመጡ ላሊበላንና ጎንደርን ያስጎበኘኋቸው። አንቺ የተወለድሽ ዕለት እንኳ ከእነሱ ጋር ላሊበላ ነበርኩ፤ ስምሽም ከዚያ መጣ። ካርታውን የሰጠችኝ እሷ ናት፤ «አንተ አገርህን አሳየኸኝ፣ እኔ ደግሞ አገሬን አሳይሃለሁ» ብላ ነበር። ሳታሳየኝ ሞተች። አንቺ ደግሞ ከዓለም ሁሉ መርጠሽ እዚያው ካርታ ላይ ሄደሽ አረፍሽ! ስለዚህ አባትሽ ያዝሻል፤ የዕረፍት ቀንሽን አልጋ ላይ አትጨርሺው። ካንተርበሪ ሂጂ፣ ዶቨር ሂጂ፣ አይተሽ ጻፊልኝ። ደግሞም ሰው የሚገኘው ሰው በሚሄድበት ነው። ከዚያ ሁሉ ጎብኚ መካከል አንድ ያገር ልጅ አይጠፋም።

አባትሽ ካሳዬ

*

ኸርን ቤይ፣ ኬንት፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016

አባዬ፣ እማዬ፣

እንዴት ናችሁልኝ? ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሁልጊዜ የምትጠይቀኝን ላስቀድም አባዬ፤ አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ እግሬ ያብጣል፤ ይህ የሁላችንም ነው። ለገና ግን መምጣት አልችልም። ቪዛዬ ከምሠራበት መጦሪያ ቤት ጋር የታሰረ ነው። እነሱ ሳይፈቅዱ ከሄድኩ መመለሻ የለኝም፣ ለመፍቀድ ደግሞ ሰው አጥሮናል ይላሉ። የምኖረውም እዚሁ ከአዛውንቶቹ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ሰው ሲቀር ደረጃውን ወጥተው እኔን ያንኳኳሉ።

ይህን ለእማ አታንብብላት። ባለፈው ሳምንት አንዲት የማጥባቸው አሮጊት አረፉ። ልጃቸው በመኪና መጥቶ፣ አንድ ሻንጣ ይዞ፣ አመሰግናለሁ ብሎኝ ሄደ። በሦስተኛው ቀን አልጋው ላይ ሌላ ሰው ነበር። ማን ያለቅስላቸዋል ብዬ ሽንት ቤት ገብቼ እኔው ትንሽ አለቀስኩላቸው።

አሁን የሚነበበው ይጀምራል። ካንተርበሪ ሄድኩልህ! ካቴድራሉ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ የቆመ ነው። ከስምንት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ሊቀ ጳጳሱን አራት የንጉሥ ባላባቶች እዚያው ቤተ መቅደሱ ውስጥ በሰይፍ ገደሉት። ከዚያ ወዲህ ከየአገሩ ተሳላሚ ሲጎርፍ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ሲወጣ፣ የደረጃው ድንጋይ ተበልቶ እንደ ገበታ ጎድጉዷል። መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስታወት ናቸው፤ ፀሐይ ስትገባ ወለሉ ላይ ሥዕል ይነጠፋል።

እማ፣ አሁን በደንብ ስሚኝ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማ አየሁ፤ አንገቷ ላይ ማተብ። በአማርኛ ሰላም ስላት ጮኸች! ብሩክታይት ትባላለች፤ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ካንተርበሪ ውስጥ ሆስፒታል ወጥ ቤት ትሠራለች። ሳቋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አይቀንስም። ገና ሳታውቀኝ «አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ከስተሽ እናትሽ ብታይሽ ምን ትላለች?» ብላ ተቆጣችኝ። ከእንግዲህ በዕረፍት ቀናችን አብረን ልንዞር ተስማምተናል። ስለዚህ ብቻዬን አይደለሁም፣ እማ። እሺ?

ልጃችሁ ሮሃ

*

አያት፤ ጥር 14 ቀን 2016

ሮሃዬ፣

ደብዳቤሽ ከገና በኋላ ደረሰን። ብሩክታይት የሚለው ስም ላይ ስደርስ እናትሽ ጉልበቴን መታች። ደገምኩላት፤ መታችኝ። አምስት ጊዜ አስደገመችኝ! እግሬ ቢያብጥ እንግዲህ ጥፋቱ ያንቺ ነው። ከዚያ ምን አደረገች መሰለሽ? ሁለት ጣቷን አነሳች። ከታመመች ጀምሮ ከአንድ ጣት በላይ አንስታ አታውቅም። ያን ቀን ገንፎውንም ሙሉውን በላች።

ባለፈው ጥር 12 ሚካኤል ሲገባ ጎረቤቶቻችን ኢያሱና አብኔዘር ከነወንበሯ ተሸክመው ከአራተኛ ፎቅ አወረዷት። አብኔዘር ጴንጤ ነው፤ ታቦት ሊያሳይ ላብ በላብ ሆኖ ሲወርድ ሚስቱ በረንዳ ላይ ሆና አየችው፤ እስከ ዛሬ ትስቅበታለች። መንገድ ዳር ቆመን ሳለ እናትሽ መዳፌን ይዛ መስቀል ሠራችበት፣ ከዚያ ሁለት ጣት አሳየችኝ። ብዙ ቆይቼ ነው የገባኝ። የብሩክታይትን የክርስትና ስም ላኪልኝ፤ በጸሎቷ ልታስባት ነው።

አሁን ደግሞ በሙያዬ ልቆጣሽ። ካንተርበሪን አሳምረሽ ጽፈሻል፤ ግን አስጎብኚ የሚያስፈልገውን አንዱንም አልነገርሽኝም። ሽንት ቤቱ የት ነው? ጎብኚ ከቤተ መቅደሱ በፊት የሚጠይቀው እሱን ነው። ነፋሱ በየት በኩል ይመጣል? ነፋሱን የማያውቅ አስጎብኚ ድምፁን ለአሞራ ያስረክባል። ቡድኑን የት ታቆሚዋለሽ? ሚስ ዶሮቲ «ካሳዬ ታሪክ ባያውቅ እንኳ ጥላውን ያውቃል» ትለኝ ነበር።

ካርታው ላይ ከአንቺ ከተማ አጠገብ፣ ባሕሩ ጫፍ ላይ፣ ሁለት ማማ ተሥሏል። ሪከልቨር ይላል። ሚስ ዶሮቲ ከላከችልኝ ወረቀቶች ውስጥ ስለ እሱ የሚናገር የለም። እሱን እይልኝ። ቅርብ ይመስላል።

አባትሽ

*

ኸርን ቤይ፤ የካቲት 8 ቀን 2016

አባዬ፣ እማዬ፣

በጣም ይቅርታ፤ ሁለት ሰው ሥራ ለቆ ሁለቱንም ሽፍት እኔ ይዤ ነበር። ጉንፋንም ይዞኝ ነበር። ስለ ፓስፖርቴ አትጨነቅ፤ ማናጀሯ ቢሮ ካዝና ውስጥ በደህና ተቀምጧል።

የብሩክታይት የክርስትና ስም ወለተ ጻድቅ ነው። እማን «እግሯን ስሚልኝ» ብላለች።

ባለፈው እሁድ ሊድስ ግንብ ወሰደችኝ። በሐይቅ መካከል በሁለት ደሴት ላይ የተሠራ ነው፤ ንግሥቶች እየተቀባበሉ የኖሩበት። ዙሪያውን ጥቁር ዝይ ይዋኛል። እማ፣ ይህን ስሚ፤ ግቢው ውስጥ የውሻ አንገት ማሰሪያ ሙዚየም አለ! እውነቴን ነው። አምስት መቶ ዓመት የቆየ የውሻ ማሰሪያ በመስታወት ውስጥ አስቀምጠው ሰው ተሰልፎ ያየዋል። ብሩክታይት ሆዷን ይዛ ስትስቅ ጠባቂው መጣ። «እኛ ጋ የአያቴ ቤት ሲፈርስ ማንም አላየውም፣ እዚህ የውሻ ገመድ ይጠበቃል» አለችው በአማርኛ።

ከዚያ በፊት ዶቨርን አይተናል። ግንቡ ኮረብታ ላይ ነው፤ አጠገቡ ሮማውያን መርከብ እንዲያይበት እሳት ያነዱበት የነበረ ማማ አለ፤ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው። ከሥሩ ነጭ ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ፈረንሳይ። ስለ ነፋሱ በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ሪከልቨርን ገና አላየሁም፤ በእግር ሰዓት ከምናምን ነው፣ ግን አንዳንዴ የዕረፍት ቀኔ ሲደርስ ከአልጋዬ ወርጄ ጫማ ማሰር ያቅተኛል።

እማ ስለ ውሻው ምን አለች? ጉልበትህን ስንት ጊዜ መታችህ? ቆጥረህ ጻፍልኝ።

ሮሃ

*

አያት፤ መጋቢት 3 ቀን 2016

ልጄ ሮሃ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የውሻው ነገር በጣም የሚያስቅ ነው። እናትሽን ሕመሙ ትቷታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለ ብሩክታይት ጥቂት ነገር ብጠይቅሽ ቅር አይበልሽ። በሥራ ቀን ብትፈልጊያት ታገኚያታለሽ? ከእሷ ጋር ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሌሎች ያገር ልጆች አሉ? ስንት ይሆናሉ? ጠዋት ጠዋት አንቺ ያለሽበት ድረስ መምጣት ትችላለች? አዋቂ ሰው ናት? ይህን የምጠይቀው እንዲሁ ነው። የሽማግሌ ወሬ መቼም አያልቅም።

ከዚህ ጋር ለእሷ የታሸገ ደብዳቤ ልኬያለሁ። ልጄን ስላስጎበኘችልኝ በወጉ ላመሰግናት ብዬ ነው። እንዳለ በእጇ ስጫት። አንቺ አትክፈቺው፤ የሰው ምስጋና አይከፈትም። ከዚህ ወር ሃያ ሦስት በፊት ቢደርሳት ደስ ይለኛል።

የደብዳቤዬን ማጠር እዘኚለት። ዓይኔም እንደ ጆሮዬ ሊሆን ነው መሰል።

አባትሽ

*

ይድረስ ለብሩክታይት (ለእጇ)

አያት፤ መጋቢት 3 ቀን 2016

ለማላውቅሽ ለማውቅሽ ልጄ፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአካል ሳላይሽ ከባድ ሸክም ስለማሸክምሽ ይቅር በይኝ። ሌላ ሰው የለኝም። በዚያ አገር የማውቃቸው ሁሉ ሞተዋል፤ ሎንዶን ያለው ዘመዳችን ተወልደ ታሞ ተኝቷል።

የሮሃ እናት፣ ባለቤቴ ምንትዋብ፣ ሐሙስ የካቲት 14 ቀን ጠዋት አርፋለች። በማግስቱ ሲኤምሲ ሚካኤል ተቀበረች። አርባዋ መጋቢት 23 ይውላል። ልጄ አልሰማችም። እድሩንም ጎረቤቱንም፣ ፌስቡክ ላይ አንድ ነገር የሚለጥፍ እንዳይኖር፣ በሚካኤል ስም አስምያለሁ። ሀይሚ የምትባል ልጅ አለች፤ እሷን ሁለቴ ነው ያስማልኳት። ለሮሃ ስጽፍ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ። እናቷ «ሁለተኛ ልጄ መርዶ ብቻዋን አትሰማም» ብላ ምላ ነበር። መሐላውን የምትፈጽሚልኝ አንቺ ነሽ።

ወጉን ታውቂዋለሽ፤ ሆኖም የአባት ነገር ነውና ልንገርሽ። ጎህ ሲቀድ ሂዱባት። አምስት ብትሆኑም ስድስት፣ የቻላችሁትን ያህል ሁኑ። ሥራ ቦታ አትንገሯት፤ እዚያ ጮኾ ማልቀስ እንደማይቻል ነግራኛለች። ደረጃ ላይም አትንገሯት። መጀመሪያ አስቀምጧት። አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ሁናችሁ ክንዷን ያዙ። አንቺ ፊት ለፊቷ ሁኚ። ነገር አታርዝሚባት፤ ፊታችሁን ስታይ ይገባታል።

ልጄን ከነጠባይዋ እወቂያት። ወዲያው አታለቅስም። «ቆይ ሻይ ላፍላ» ብላ ትነሳለች፤ ልብስ ካገኘች ልብስ ታጥፋለች። አትልቀቋት። በሕፃንነቷም ስትወድቅ እንዲህ ነበረች፤ ተነስታ ቀሚሷን አራግፋ፣ ሰው እስኪያቅፋት ጠብቃ ነው የምታለቅሰው። ያቀፋት ከሌለ ጭራሽ አታለቅስም። ሰውነቷ ውስጥ ይቀራል። እባክሽን አልቅሳ ይውጣላት። ዝም በይ አትበሏት።

ነጠላ ከሌላት ያንቺን አልብሻት። ሲያልቅ ጻፊልኝ፤ ማን ማን እንደነበረ፣ ማን እንደያዛት። እስከዚያው እህል አይወርድልኝም።

ካሳዬ

*

ካንተርበሪ፤ መጋቢት 24 ቀን 2016

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ካሳዬ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። እጅ ጽሑፌ ስለማያምር ቤተ መጻሕፍት ሄጄ በማተሚያ ስላተምኩት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፖስታውን ሮሃ ናት የጻፈችልኝ።

ደብዳቤዎ በሮሃ እጅ፣ ማኅተሙ ሳይነካ ደርሶኛል። እንዳሉኝ አድርጌያለሁ። ትናንት ሃያ ሦስት፣ በአርባቸው ዕለት ነው የሆነው። የእነዚህ ሰዎች ፋሲካ ማግስት ስለሆነ ሁሉም ሥራ አልነበረውም፤ አሥር ሰው ሆንን። ከካንተርበሪ ስድስት፣ ከሌላ ከተማ ደግሞ አራት መጡልኝ።

መጦሪያ ቤቱ ውስጥ ጩኸት አይቻልምና ወደ ሁለቱ ማማዎች ወሰድናት፤ እርስዎ እይልኝ ወዳሏት ወደ ሪከልቨር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። መንገዱ ባሕሩን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ነፋሱ ከባሕሩ በግራ በኩል እየመጣ ጆሮ ያደነዝዛል። ሳሩ በጤዛ ርሶ ጫማ ውስጥ ውሃ ይገባል። መኪና ማቆሚያው አጠገብ ሽንት ቤት አለ፣ ግን ተቆልፏል። ማማዎቹ ከሩቅ ሲታዩ በጣም ቅርብ ይመስላሉ፤ ሲሄዱባቸው ግን አይደረስባቸውም። ቤተ ክርስቲያኑን ባሕሩ እየበላው ሲመጣ ራሳቸው አፍርሰው ድንጋዩን ወሰዱት፤ ሁለቱን ማማ ብቻ መርከበኞች አቅጣጫ እንዲያዩበት ተዉአቸው። ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። ውስጡ ጣሪያ የለውም፤ መሠዊያው የነበረበት ቦታ ሳር ነው። ቡድን ይዞ የመጣ ሰው በደቡብ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር ማቆም አለበት፤ ነፋሱ የማያገኘው እዚያ ብቻ ነው።

እዚያ አስቀመጥናት። በቀኝ አንዷ፣ በግራ አንዷ ያዟት፤ እኔ ፊት ለፊቷ ነበርኩ። ነገርኳት። እንዳሉት ወዲያው አላለቀሰችም። ነጠላዋን አውልቃ ማጠፍ ጀመረች። አጥፋ ዘረጋች፣ ዘርግታ አጠፈች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ፀሐይ ከባሕሩ ስትወጣ «እማዬ» አለች። ጮኸች አባቴ፣ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች፤ ዝም በይ ያላት የለም። አንድ ሰው ውሻውን ይዞ በዚያ ሲያልፍ ሴትዮዋ ብቻዋን ምን ሆና ነው ብሎ ነው መሰል ደንግጦ ቆመ፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ውሻው ግን ዞሮ ዞሮ ያይ ነበር።

አቀፍናት። ወጥቶላታል። እህል ይቅመሱ፣ እባክዎን። ልጅዎ ብቻዋን አልሰማችም።

ብሩክታይት (ወለተ ጻድቅ)

*

አያት፤ ሚያዝያ 15 ቀን 2016

ልጄ፣ ሮሃዬ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ቃል በአንደበቴ ልልሽ ሲገባኝ በወረቀት ላክሁልሽ።

የብሩክታይት ደብዳቤ ደርሶኛል። መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ። እሰይ፣ ልጄ ሰው አላት ብዬ ወይዘሮ ፈለቀችን ጠራኋት፤ የእድራችን ሰብሳቢ ናት፣ እናትሽን ያጠበቻት እሷ ናት። ለእሷ ሳነብላት ነው ባለ ውሻው ሰውዬ ጋ ስደርስ ማንበቤን ያቆምኩት።

ሠላሳ አራት ዓመት አስጎብኚ ነበርኩ። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ይባላል። እኔም በወጣትነቴ ያልረገጥኩትን ቦታ እንደረገጥኩ አድርጌ አስጎብኝቻለሁ፤ ስለዚህ የዚያ ዓይነት ወሬ ሽታውን አውቀዋለሁ። ካንተርበሪን አላየሽም። ሊድስንም ዶቨርንም አላየሽም። የጻፍሽልኝን ቃል በቃል የያዙትን በራሪ ወረቀቶች ሚስ ዶሮቲ ልካልኛለች፤ የውሻው ማሰሪያ ሳይቀር መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጀምሮ አውቄያለሁ። ዝም ያልኩት እናትሽ ደስ ስላላት ነው።

ብሩክታይትን ግን አመንኳት። ስለ እሷ በራሪ ወረቀት የለም። ሳቋን፣ ቁጣዋን፣ «ከስተሽ» ማለቷን ከየት ልታመጪው ትችያለሽ አልኩ። የእናትሽ ቁጣ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

ሪከልቨር ላይ ሰው ቆሟል። ነፋሱን ያውቃል፣ ሽንት ቤቱ መቆለፉን ያውቃል፣ ጫማው ርሷል። ነገር ግን ያ ባለ ውሻ ሰውዬ ከአሥር ሰው መካከል ያየው አንዲት ሴት ብቻ ነው። ልጄ፣ የገዛ እናትሽን መርዶ ለራስሽ አንብበሽ፣ ራስሽን ይዘሽ ሄደሽ፣ ራስሽን አስቀምጠሽ ነገርሻት። ያን ሁሉ አድርጊ ብዬ አንድ በአንድ የጻፍኩልሽ ደግሞ እኔው ነኝ። ከዚህ የበለጠ የሠራሁት በደል የለም። ወለላዬ፣ ይቅር በይኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ፈለቀችን፣ ኢያሱን፣ አብኔዘርንና ሚስቱን በማለዳ እንዲመጡልኝ ለመንኳቸው። «ማንን ልናረዳ ነው?» አለች ፈለቀች። ልጄን አልኳት። «እሷ እዚህ የለችም እኮ ጋሼ» አለችኝ። ተቀመጡ አልኳቸው። የዩኒቨርሲቲ ፎቶሽን አውርጄ በእናትሽ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ፈለቀች በቀኝ፣ የአብኔዘር ሚስት በግራ ሆኑ። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ «ሮሃ፣ እናትሽ አርፋለች» አልኩ። መጀመሪያ አፈሩ። ከዚያ ፈለቀች ፎቶሽን አንስታ አቀፈችውና ጮኸች፤ እኔ እንኳ ሰማኋት። ይህ ላንቺ ምን ይጠቅማል? ምንም አይጠቅምም። እኔ ግን ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ። እናትሽ በሞተችበት ጠዋት አንድ ጣቷን አነሳች። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ጣቷን ይዤ ሌላኛውን ጣቷን አጠገቡ ቀጥ አደረግሁላትና «ሁለት ናቸው፣ ምንቴ፣ ብሩክታይት አብራት ናት» አልኳት። ሁለቱን ጣቶች ትክ ብላ አየች፣ ደጋግማ አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

ስለዚህ ልጄ፣ ብሩክታይትን አትግደያት። አንድ ቤት በአንድ ዓመት ሁለት ለቅሶ አይችልም። እኔ ውሸት መሆኗን አውቃለሁ፣ አንቺም ማወቄን ታውቂያለሽ፤ ሆኖም ስትጽፊ ስለ እሷ ጻፊልኝ። ተቆጣችኝ በይኝ፣ ምሳ አበላችኝ በይኝ። አሁን ካርታው ፊት ብቻዬን ስቀመጥ ጣት የሚያነሳብኝ የለም፤ ጥያቄው ግን እኔው ውስጥ ቀርቷል፣ መልሱም ከእሷ ሌላ የለኝም።

ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አባትሽ ካሳዬ